ገንዘብ ከሪያድ፣ ፋብሪካ ከካይሮ

ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በኋላ የዓረብ መንግሥታትን አንድ ጉዳይ ያንገበግባቸው ጀመር። ጥይቱም መለዋወጫውም ከሩቅ አገር ይመጣል፤ ሻጩ ፊቱን ካዞረ ጦሩ ይቆማል። ስለዚህ በ1975 ግብጽ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስና ካታር ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መድበው ካይሮ ላይ የጋራ የጦር መሣሪያ አምራች ድርጅት አቋቋሙ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ገንዘቡን፣ ግብጽ ፋብሪካውንና ሠራተኛውን፣ የምዕራብ ኩባንያዎች ደግሞ ዕውቀቱን ሊያመጡ ተስማሙ።

ሥራው በተስፋ ተጀመረ። ሊንክስ ሄሊኮፕተርና ስዊንግፋየር የተባለውን ጸረ ታንክ ሚሳይል ግብጽ ውስጥ ለማምረት ከእንግሊዝ ኩባንያዎች ጋር ውል ተፈረመ። በማርች 1979 ግን የግብጽ ፕሬዚዳንት ሳዳት ከእስራኤል ጋር የሰላም ስምምነት ፈረሙ። በዚህም ምክንያት ሁለት ወር ገደማ እንዳለፈ ሳዑዲ ድርጅቱ እንደሚፈርስ አስታወቀች። የሊንክሱ ዕቅድ ቀረ፤ አምራቹ ዌስትላንድም ካሳ ፍለጋ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደ። ግብጽ ፋብሪካዎቹን ይዛ ብቻዋን ቀጠለች።

ጥፋቱን ሁሉ በሰላም ስምምነቱ ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። ሽርክናው ሲዋቀር ጀምሮ ገንዘብ ያዋጣው ወገን በማንኛውም ቀን ኪሱን ዘግቶ መውጣት ይችል ነበር፤ ቢወጣ የሚጎድልበት የራሱ ፋብሪካ፣ ሥራ የሚያጣ የራሱ መሐንዲስ አልነበረውም።

እንግሊዝ፣ ምዕራብ ጀርመንና ጣሊያን በ1969 ፓናቪያ የተባለውን የጋራ አውሮፕላን አምራች ሲመሠርቱ ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነው። የቶርኔዶ ተዋጊ ጄት አፍንጫና ጅራት በእንግሊዝ፣ መካከለኛው አካል በጀርመን፣ ክንፎቹ በጣሊያን ተሠሩ። የጣሊያን ድርሻ 15 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ያለ ጣሊያን ክንፍ አንድም ቶርኔዶ ከመሬት አይነሣም። መንግሥታት ተለዋወጡ፣ በወጪው ተጨቃጨቁ፤ እስከ መጨረሻው 992 አውሮፕላኖች ተመረቱ።

እንዲህ ያለው መተሳሰር ዋጋ ያስከፍላል። በ2018 የሳዑዲው ጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂ በሳዑዲ ወኪሎች ከተገደለ በኋላ ጀርመን ለሳዑዲ መሣሪያ መሸጥ አቆመች፤ በዚህም ምክንያት እንግሊዝ ከጀርመን፣ ከጣሊያንና ከስፔን ጋር የምትሠራውን ታይፎን ጄት በብዛት ለሪያድ ለመሸጥ የያዘችው ዕቅድ ለዓመታት ታገደ። በርሊን ተቃውሞዋን ያነሣችው በጃንዋሪ 2024 ነው። የለንደን ሹማምንት በመዘግየቱ ተማረሩ። ያም ሆኖ ገዳይ መሣሪያ በአንድ ዋና ከተማ ፈቃድ ብቻ እንዳይሸጥ ማድረግ የጋራ ኢንዱስትሪ ሊሰጥ ከሚችለው ጥቅም ትልቁ ነው፤ ጎረቤታሞች እንዲህ ያለ ሽርክና ሲዋዋሉ ይህን የመከልከል መብት በግልጽ ሊጽፉት ይገባል።