ወጌሻው ወሰን ይበጅለት

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ወገቡን የማያመው ሠራተኛ መፈለግ ድካም ነው። ወደብ ላይ ስንዴና ማዳበሪያ በጆንያ የሚሸከመው የቀን ሠራተኛ፣ ከሞጆ ተነሥቶ በጋላፊ ድንበር አድርጎ የከባድ መኪኖች ማቆሚያው ፒኬ 12 የሚደርሰው የተሳቢ ሹፌር፣ ሰው ቤት ተቀጥራ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ስትወለውል የምትውለው እህታችን፣ ሁሉም ስለ ጤናቸው ሲጠየቁ እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወገባቸው ነው። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከመቶ ዘጠና የሚሆነው በዚህች አገር በኩል ያልፋል ሲባል ሁሌም እንሰማለን። በማን ጀርባ እንደሚያልፍ ግን የሚያነሳ የለም።

ሹፌር ሲታመም መኪናው ይቆማል፤ መኪናው ሲቆም የባለንብረቱ ስልክ ይጮኻል። ሆስፒታል ሄዶ ወረፋ ለመጠበቅ፣ ሕመሙን በማያውቀው ቋንቋ ለማስረዳት፣ ራጅ ተነሥቶ በፍራንክ ለመክፈል ጊዜውም ገንዘቡም ብዙ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከጓደኞቹ አንዱ «ባልባላ ሰፈር አንድ ወጌሻ አለ፣ እጁ መድኃኒት ነው» ይለዋል። ሶማሌውም አፋሩም የየራሱ አጥንት ጠጋኝ ስላለው ይህ ምክር በከተማው በብዙ ቋንቋ ይሰጣል።

ጥሩ ወጌሻ ሲሠራ ያየ ሰው ሙያውን አይንቅም። እኔ አይቻለሁ። የተጎዳውን ቁርጭምጭሚት ጭኑ ላይ ያሳርፍና መጀመሪያ ምንም አይጫንም፤ በአውራ ጣቱ ከላይ ወደ ታች እየዳሰሰ ዓይኑ የታማሚው ፊት ላይ ነው። ፊት የተኮማተረበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ያቺን ቦታ ትቶ ዙሪያዋን ማሸት ይጀምራል። ለብ ያለ ውሃ በጨው፣ ቅቤ ካለ ቅቤ፣ ከሌለ ቫዝሊን። ወለምታ ከሆነ ሰውየው በማግስቱ ቢያነክስም ይራመዳል። ክፍያው እንደ አቅም ነው፤ ከሌለው ሰው ምርቃት ይበቃል።

ፈረንሳዮች ለዚህ የቀረበ፣ ዲፕሎማ የሚሰጥበት ሙያ አላቸው፤ ኦስቲዮፓቲ ይባላል። ጅቡቲ እስከ 1977 እ.ኤ.አ. በእነሱ እጅ ስለነበረች፣ ወታደሮቻቸውም ዛሬ ድረስ እዚሁ ስላሉ ስሙ ለከተማው ባዕድ አይደለም። የሙያው አባት ግን አሜሪካዊ ነው። አንድሩ ቴይለር ስቲል በ1864 ሦስት ልጆቹን በማጅራት ገትር ካጣ በኋላ በዘመኑ መድኃኒት ላይ እምነት አጣ፤ በ1874 የበሽታ ሥሩ የአጥንትና የጡንቻ መዛባት ነው፣ በእጅ ይቃናል ብሎ ተነሣ፤ በ1892 ኪርክስቪል፣ ሚዙሪ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ። ትምህርቱ ከልኩ ያለፈ ነበር፤ ተላላፊ በሽታ አጥንት በማቃናት አይድንም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሙያው ዘመናዊውን ሕክምና እየጨመረ ሄዶ ዛሬ ከዚያ የሚመረቁት መድኃኒት የሚያዙ፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሙሉ ሐኪሞች ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው፤ ኦስቲዮፓት ለመሆን ሐኪም መሆን ግድ አይደለም። ማዕረጉ በሕግ የታወቀው በ2002 ነው።

እኔን የሚያስቀናኝ ማዕረጉ ሳይሆን በ2007 የተከተለው ደንብ ነው። ሐኪም ያልሆነ ኦስቲዮፓት ሕመሙ ከእጁ በላይ መሆኑን ካየ፣ ወይም ከባሰ፣ ወይም አልለቅ ካለ ታማሚውን ወደ ሐኪም የመላክ ግዴታ አለበት። አንገት ለማንቀሳቀስ ከሐኪም የተጻፈ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ራስና አከርካሪም እንዲሁ። ስብራት ጭራሽ የእሱ ሥራ አይደለም። የእኛ ወጌሻ ግን ማዕረግም የለው፣ ወሰንም የለው። ወለምታውም፣ ውልቃቱም፣ ስብራቱም፣ የከረመው ወገብም ለአንድ እጅ ይመጣል።

በእጅ ማከም ከንቱ ነው የሚሉትን አልደግፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2023 ስለከረመ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ ከአካል እንቅስቃሴና ከምክር ጋር አከርካሪን በእጅ ማንቀሳቀስንና ማሸትንም አካቷል፤ ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም። የወገብ ቀበቶን፣ መጎተትንና ከኦፒየም ወገን የሆኑ ማስታገሻዎችን ግን አትጠቀሙ ይላል። (ሹፌሮቻችን እንደ ዕቃ መፍቻ ከመኪናቸው የማይለዩት ያ ሰፊ ቀበቶ መሆኑ ነው።) እንደ ድርጅቱ ግምት በ2020 የታችኛው ወገብ ሕመም የነበረበት ሰው በዓለም 619 ሚሊዮን ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው ሐኪም ብቻውን አይችለውም።

ጦሱ ያለው ስብራት ላይ ነው። የተሰበረ እግር ያብጣል። ወጌሻው በቀርከሃ ደግፎ በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ሲያስረው እብጠቱ መሄጃ ያጣል፤ ደሙ ይታገታል፤ በሰዓታት ውስጥ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ታማሚው ሲጮኽ «አጥንቱ እየገጠመ ነው፣ ቻለው» ይባላል። ከቀናት በኋላ የጠቆረ እግር ይዞ ሆስፒታል ሲደርስ የሚቀረው መቁረጥ ነው። የኢትዮጵያ የቀዶ ሐኪሞች ይህን ለዓመታት ሲያዩ ኖረዋል። ከእነሱ አንዱ የሆኑት መኮንን እሸቴ በ2005 በእንግሊዝ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር እንደቀነሰ አሳይተዋል። አንድ ቀን! ከዚህ የረከሰ ሕክምና አላውቅም።

ሁለተኛው ጦስ የማይታይ ነው። ጅቡቲም ኢትዮጵያም ቲቢ የበረታባቸው አገሮች ናቸው፤ ቲቢ ደግሞ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። ወገቡን እያመመው የሚከሳ፣ ሌሊት የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው ሰው የሚታሽ ሰው አይደለም፤ እዚሁ ከተማ ቀድሞ ፖል ፎር ይባል የነበረ የቲቢ ማዕከል አለ። ወገቡን ታሞ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም በጭኖቹ መካከል የደነዘዘውም እንዲሁ ያን ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ወጌሻ ይከልከል የሚሉ አሉ። ከልክሎ የሚተካውን ማን ያመጣል? ባህላችን ነው አትንኩት የሚሉትም አሉ፤ እግሩን ያጣ ሰው ፊት ቆመው ይህን ይበሉ። የሚያስፈልገው ከዚህ ቀላል ነው፦ ወለምታና የደከመ ጡንቻ የወጌሻ፣ ስብራት የሆስፒታል። ኤምባሲያችንና የሹፌሮች ማኅበራት ከከተማው የአጥንት ሐኪሞች ጋር ተነጋግረው ፒኬ 12 አካባቢ የሚሠሩትን ወጌሻዎች ለአንድ ቀን ይሰብስቧቸው፤ አጥብቀው እንዳያስሩ፣ ስብራት፣ በተለይ ቆዳ የቀደደውን፣ እንዳይነኩ ያስተምሯቸው፤ የሚልኩበትንም ቦታና ስልክ ይስጧቸው።

ያ እስኪሆን፣ ወንድሜ፣ እግርህ ወይም እጅህ ከታሰረ በኋላ ጥፍርህን ጫን አድርገህ ልቀቀው። ነጥቶ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልቀላ፣ ጣትህ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ የማንንም ፈቃድ አትጠብቅ፤ ማሰሪያውን ቆርጠህ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂድ።