ምሥጢር ጠባቂና ምሥጢር አባካኝ

የመንግሥት ሥራ ያለ ምሥጢር አይካሄድም፤ በምሥጢር ብቻም አይካሄድም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አስታርቆ መያዝ ያቃተን ይመስለኛል። አንዱ ወገን መዝገብ ቤት የገባውን ወረቀት ሁሉ «ምሥጢር» የሚል ማኅተም ሲያሳርፍበት፥ ሌላው ወገን እጁ የገባውን ሁሉ በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለዓለም መበተንን ጀግንነት አድርጎ ይቈጥረዋል። እኔ በመቀሌ ከተማ በጽሕፈት ሥራ የምተዳደር አነስተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ነገር ግን ሁለቱንም ወገኖች ከመንቀፍ ወደ ኋላ አልልም።

አስቀድሜ ከአባካኙ ልጀምር። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሊሰጥ ሲል ወረቀቱ በኢንተርኔት ተበትኖ ስለ ተገኘ ትምህርት ሚኒስቴር ፈተናውን ሰረዘው። ከ250,000 የሚበልጡ ተማሪዎች እስከ ሐምሌ እንዲጠብቁ ተደረገ፤ በሐምሌም ፈተናው ሲሰጥ ፌስቡክና መሰሎቹ ተዘጉ። ወረቀቱን የበተኑት ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም አልልም፤ በኦሮሚያ በተነሣው ተቃውሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለ ነበር፥ ተማሪዎቹ ያልተማሩትን አይፈተኑ፥ ቀኑ ይራዘም ብለው ነበር። ጥያቄው እውነት ነበረበት፤ በጊዜው መልስ ቢያገኝ ኖሮም ለብተና ሰበብ ባልሆነ ነበር። ዳሩ ግን ዋጋውን የከፈለው ማን ነው? ከባለሥልጣን ደመወዝ አንድ ብር አልጐደለም። እዚህ መቀሌ ሌሊቱን ስታጠና የከረመችው ታናሽ እኅቴ ግን አልቅሳ ስታበቃ ደብተሯን እንደ ገና ከመጀመሪያው ገለጠች።

ከዚያም በፊት፥ በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ፥ ዊኪሊክስ የተባለው ድርጅት ከ250,000 የሚበልጡ የአሜሪካ መንግሥት ቴሌግራሞችን የሰዎችን ስም ሳይሸፍን አወጣ። በአንዱ ውስጥ ስሙ የተጠቀሰው ኢትዮጵያዊው ጋዜጠኛ አርጋው አሽኔ ወሬውን የነገረው ማን እንደ ሆነ በባለሥልጣኖች ተጠየቀ፤ አገሩንም ጥሎ ተሰደደ። ታላቂቱ አሜሪካ ለጊዜው አፈረች፤ የተሰደደው ግን የእኛ ሰው ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ ምሥጢር ከቶ አይውጣ ማለቴ ነውን? አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በሰኔ ወር መጨረሻ ሀኪንግ ቲም ከተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ተሰርቀው የወጡት ሰነዶች፥ የሰውን ኮምፒውተር በስውር የሚሰልል መሣሪያ ለኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ እንደ ተሸጠ አስረዱ። ከዚያ በፊት በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ጋዜጠኞች ተሰለልን ሲሉ ነገሩ ይስተባበል ነበር። ይህ ምሥጢር አገርን ከጠላት ሳይሆን ሹምን ከጥያቄ የሚጠብቅ ስለ ነበረ፥ የወጣበት መንገድ ቢነቀፍም መታወቁ አያስቈጭም።

መለኪያው እንግዲህ ይህ ነው፤ ምሥጢሩ ሲወጣ የሚጐዳው ማን ነው? ተደብቆ ሲቀርስ የሚጐዳው ማን ነው? የድኻ መድኃኒት ሲሸጥ ያየ ሠራተኛ ዝም ቢል የሌባ ተባባሪ ነው። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣውም እንዲህ ያለው ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ነው።

አሁን ወደ ማኅተም ወዳዱ ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ በ12ኛው አንቀጽ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም መረጃ የማግኘትን መብት ደንግጓል። ነገር ግን ባለጉዳይ ስለ ራሱ ጉዳይ የተወሰነውን ሲጠይቅ «ምሥጢር ነው» ተብሎ ይመለሳል። እውነት በበሩ እንዳይገባ ሲከለከል ወሬ በመስኮት ይገባል። ገበያ ሲወደድ የደኅንነት ሥራ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የውጭ ስለላ ድርጅት እጅ አለበት፤ ሰው ሲሾም ሰላይ ስለ ሆነ ነው ይባላል። እንዲህ ላለው ወሬ የማስረጃ መታጣት ራሱ ማስረጃ ይሆንለታል፤ «ምሥጢር ባይሆንማ ይገኝ ነበር» ይላልና።

በዚህ ነገር እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በመቀሌ ስልክ ተዘግቶ በነበረበት ዘመን፥ አንድ ዝምተኛ ባልደረባችን ወሬን ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ያውቅ ነበር። «ይህ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው» ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ እኔም የሰማሁትን ለሌላ ነገርሁ። ቡና ሲፈላ ሰው ሁሉ ከአጠገቡ ይነሣ ጀመር። እናቱ ሲሞቱ ከመሥሪያ ቤታችን ለቅሶ የደረሰው የለም፤ እኔም አልደረስሁም። በኋላ እንደ ተረዳነው የሰውየው ምሥጢር አንድ አሮጌ ራዲዮ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት የውጭ አገር ጣቢያ ያዳምጥበት ነበር። ይቅርታ ብጠይቀው «ምንም አይደለም» አለኝ፤ ዐይኔን ግን አላየኝም።

ይህ ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ በተላለፈ ወሬ የሆነ ነው። በፌስቡክ ሲሆን ግን ምን እንደሚያደርስ በባሕር ዳር ታይቷል። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ከሐሰት ክስ ጋራ ተበትኖ፥ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ።

ስለዚህ ባለሥልጣን ሆይ፥ ሕዝብ ሊያውቀው የሚገባውን ሳትጠየቅ ተናገር፤ እንዲህ ብታደርግ እውነተኛው ምሥጢርህ ይከበርልሃል። ሠራተኛ ሆይ፥ ወረቀቱን ከመበተንህ በፊት በውስጡ ያለውን የድኻ ስም አንብብ። መምህር ሆይ፥ ተማሪህን «ማን አለ? በምን ዐወቀ?» ብሎ መጠየቅን አስተምረው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ ነገር ግን ንጋቱ እስኪመጣ የማይቈይ ሰው እንዳለ አንርሳ።