መርዶውን ለተረኛዋ ነርስ መተው

ከአንኮበሩ አልዩ አምባ ቆላ የታመመ ሰው ደብረ ብርሃን የሚደርሰው በብዙ ሰው ትከሻ ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ቃሬዛ ይታሰራል፣ ዳገቱ እየተፈራረቁ ይወጣል። ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሪፈር ይጻፋል፤ አምቡላንስ ከተገኘ በአምቡላንስ፣ ካልተገኘ በኮንትራት መኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀጥላል። እናም ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚቆመው አንድ ሕመምተኛና አንድ አስታማሚ አይደለም፤ ስምንትም አሥርም ሰው ነው። ሁሉም ተሸክሟል፣ ለመኪናው ያዋጣም አለ። ከበሩ ወዲያ ደግሞ ገና የተመረቀች የአዳር ተረኛ ነርስ ብቻዋን ቆማለች።

በጤና ባለሙያ ላይ ስለሚሰነዘር ዱላና ስድብ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ጠባይ ይዞራል። አንዱ «ሕዝቡ ከፋ» ይላል፣ ሌላው «እነሱስ መቼ ሰው ያናግራሉ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ሆስፒታሎቻችን ክፉ ወሬ የሚያስነግሩት በዕድሜም በሥልጣንም ትንሿን ሰው ነው። ዱላውም እሷው ላይ ያርፋል።

በሰሜን ሸዋ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ይፈለጋል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ንጋት ላይ ይኬዳል። መርዶ የሚነገረው ሰው እንዲቀመጥ ይደረጋል፣ በግራና በቀኙ የሚይዘው ሰው ይኖራል፤ ልቡ ደካማ ነው የሚባል ከሆነ ደግሞ ወሬው ቀስ እያለ ይቀርብለታል። ልጅ አይላክም፤ ብቻውን የሚሄድም የለም። ሐዘንተኛ ራሱን መሬት ላይ ሊጥል፣ በእጁ የገባውን ሊወረውር እንደሚችል አባቶቻችን አውቀው ነው ሥርዓቱን የሠሩት። ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ግን ያው ሰው፣ ያው ሐዘን፣ ኮሪደር ላይ በቁሙ «አርፈዋል» ይባላል። ያውም የሌላ ሕመምተኛ ቤተሰብ እየሰማ። ከዚያ ሲጮህና የነርሷን ጋወን ሲይዝ ባለጌ ይባላል።

አሜሪካ ውስጥ የካንሰር ሐኪሞች በ2000 እ.ኤ.አ. ክፉ ዜና የሚነገርበትን ስድስት እርምጃ ጽፈው አሳትመዋል። የመጀመሪያው ለብቻ የሆነ ቦታ ማዘጋጀት፣ መቀመጥና ዘመድ አብሮ እንዲገኝ ማድረግ ነው። የአንኮበር ሽማግሌ ይህን ለማወቅ ኮሌጅ አልገባም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓሱ የሚያስተምራቸው ተማሪዎች አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ተቀምጠው ቢሰሙት ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

ሞት ብቻም አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዛሬ ገበሬውን መዋጮ ከፋይ አድርጎታል። ከፍሏልና ይጠይቃል፤ መብቱም ነው። መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ «አልቋል፣ ከውጭ ግዛ» ሲባል ግን መዋጮ የከፈለበትን ነገር የነጠቀው መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ይመስለዋል። መድኃኒቱ ያለቀው ግዥ ስለዘገየ ይሆናል፣ መድኑ ለሆስፒታሉ ስላልከፈለ ይሆናል፤ ፋርማሲስቱ ከሁለቱም የለበትም። የወሰነው ሰው ቢሮው ውስጥ ነው፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ቤቱ ነው። ያለቁት መድኃኒቶች ዝርዝር ከነምክንያቱ፣ በኃላፊው ፊርማ፣ ሰው ካርድ ሳያወጣ በፊት በር ላይ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? ሌሊትስ «ኃላፊው እኔ ነኝ» የሚል አንድ ሰው ለምን አያድርም?

ቁጥር ለሚፈልግ፣ በሐዋሳ የሕዝብ ጤና ተቋማት ነርሶች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 29.9 በመቶው ጥቃት ደርሶባቸዋል ይላል፤ በጎንደር በጤና ባለሙያዎች ላይ የተሠራውና በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ 58.2 በመቶ ያደርሰዋል። ልዩነቱ ሐዋሳን የደግ አገር አያደርገውም፤ አጠያየቁም፣ የተጠያቂዎቹ ሙያም ይለያያል። በጎንደሩ ጥናት ትልቁን ድርሻ የያዘው ስድብ ነው፤ ስድብን ደግሞ የሥራው አካል አድርገን ለምደነዋል።

መሣሪያ የያዘ ሰው የሚያደርሰው ጥቃት ከዚህ ይለያል፤ ከሐዘንተኛው ጋር መቀላቀልም የለበትም። ሂውማን ራይትስ ዎች በሰኔ 2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በአማራ ክልል ወታደሮች «ፋኖ አክማችኋል» በሚል ባለሙያዎችን እንደደበደቡ፣ እንዳሰሩና እንዳስፈራሩ ዘርዝሯል። ኅዳር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በደላንታ ወገልጤና ሆስፒታል ግቢ አምቡላንስ በድሮን ሳይመታ አልቀረም፤ ሰዎችም ሞተዋል። ኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የተቀበለችው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል፣ ባለሙያ የሙያውን ሥነ ምግባር ጠብቆ በማከሙ፣ ታካሚው ማንም ይሁን ማን፣ እንደማይቀጣ በግልጽ ያስቀምጣል። ይህን ለታጣቂ ማስረዳት የነርሷ ሥራ አይደለም። የዞኑ አስተዳደር፣ የጦሩ አዛዥና በሌላ ወገን ጠመንጃ የያዘው ሁሉ ከግቢው ውጭ የሚጨርሱት ጉዳይ ነው፤ መሣሪያውም በር ላይ ይቅር።

«ጥበቃ ይጨመር» የሚሉ አሉ። ይጨመር። ነገር ግን ቃሬዛ ተሸክመው የወጡ አሥር ሰዎችን በዱላ ከበር የሚመልስ ዘበኛ ጠቡን ራሱ ይጀምረዋል። በዚያ ዳገት ላይ «አሁን አሳርፉ፣ አሁን አንሡ» ሲል የመጣ አንድ ሰው መሃላቸው አይጠፋም። ሲደርሱ እሱን ለይቶ ማስገባት፣ ወንበር መስጠት፣ በየሰዓቱ የሕመምተኛውን ሁኔታ ለእሱ መንገር ይቻላል፤ ለሌሎቹ እሱ ይነግራቸዋል፣ ከዘበኛውም ይልቅ ይሰሙታል።

ከዚህ ጎን የሚያስፈልገው አንድ የመዝገብ ደብተር ነው። ማን ተሰደበ፣ ማን ተገፋ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው በር ላይ፣ ምን የለም ተብሎ። ዛሬ የተመታች ነርስ «ለማን ልናገር» ብላ ፊቷን ታጥባ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ስለዚህ የሆስፒታል ቦርድ ሲሰበሰብ በእጁ የሚይዘው ነገር የለም። ደብተሩ ሁለትና ሦስት ወር ከተሞላ ጠቡ የሚበዛው መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ይሁን፣ ካርድ ክፍል ይሁን፣ ወይስ ሌሊት ሰው ሲሞት፣ ይታያል፤ መርዶ የሚነገርበት በር ያለው ክፍል የት እንደሚከፈትና ከኃላፊዎቹ ማን እንደሚያድርም በዚያ መሠረት ይወሰናል።