ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው፤ የጓሳን ደጋ ውድድር የሚያሸንፈው የትኛው ፈረስ ነው?

በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋማ ቀበሌዎች ፈረስ ሰውን ወደ ገበያና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ፣ እህል የሚጭንና ሙሽራ የሚያጅብ የቤተሰብ ሀብት ነው። በጥምቀት ሰሞንና በሠርግ ወቅት ይኸው ፈረስ በኮርቻና በግላስ አጊጦ ለግልቢያና ለጉግስ ወደ ሜዳ ይወጣል። ያን ጊዜ በሜዳው ዳር የቆመ ሁሉ የትኛው ፈረስ ይቀድማል ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የአካባቢውን የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ጭምር የሚነካ ነው። በጓሳ ደጋ የአንድ ቀን ውድድር ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው ፈረሱ ወደ መነሻው መስመር ከመቅረቡ በፊት ባሉት ወራት፣ በግጦሽ፣ በዕረፍትና በጤና አያያዝ ነውና።

ፈረስና መሬት በዚህ አካባቢ የቆየ ትስስር አላቸው። አስቦና ጌራ የተባሉት የመንዝ አቅኚ አባቶች መሬታቸውን የለዩት በፈረስ እሽቅድምድም እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። የጌራ ስም ዛሬም በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ መጠሪያ ውስጥ ይገኛል። በሀገር አቀፍ ደረጃም መሪዎችና የጦር አበጋዞች በፈረስ ስማቸው ሲጠሩ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል መባላቸው ለዚህ አብነት ነው።

ወደ ተወዳዳሪዎቹ ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 8 ዓይነት ፈረሶች መኖራቸውን አመልክቷል። እነርሱም የአቢሲኒያ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የኩንዱዶ፣ የኦጋዴን ወይም የዊልዋል እና የሰላሌ ፈረሶች ናቸው። ለጓሳ ሜዳ ቅርብ የሆኑት በደጋው ተወልዶ ያደገው የአገሬው ፈረስ እና ከጀማ ወንዝ ማዶ የሚመጣው የሰላሌ ፈረስ ናቸው።

የአገሬው ፈረስ ቁመቱ መጠነኛ ነው፤ ለዓይን የሚሞላ ግርማም ላይኖረው ይችላል። ብልጫው በትንፋሹ ነው። የጓሳ ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ከፍታ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ውርንጭላ ሳለ ጀምሮ በዚሁ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ፈረስ ሳንባውና ልቡ ከሁኔታው ጋር የተላመዱ ናቸው። ሰኮናውም ድንጋያማውንና በጓሳ ሣር ጉብታ የተሸፈነውን መሬት ያውቀዋል።

የሰላሌ ፈረስ በበኩሉ ለኮርቻ ተመራጭ በመሆኑ በሀገሪቱ የታወቀ ነው። ደረቱ ሰፊ፣ እርምጃው ረጅም የሆነ ፈረስ በተስተካከለ ሜዳ ላይ ሽምጥ ሲጋልብ የሚወስደው ብልጫ በአጭር ርቀት ሊካካስ አይችልም። ሰላሌም ደጋ እንደመሆኑ ፈረሱ በከፍታው የሚጎዳው ከቆላ የመጣውን ያህል አይደለም። ሆኖም ጥቂት ሳምንታት ሳይሰነብትና አየሩን ሳይላመድ ለረጅም ግልቢያ ቢቀርብ በመጨረሻው ዳገት ላይ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል።

ከዓይነቱ ባሻገር እያንዳንዱ ፈረስ በራሱ መመዘን አለበት። ፈረስ ቋሚ ጥርሶቹን አውጥቶ የሚጨርሰው በ5 ዓመቱ ገደማ በመሆኑ ከዚያ በፊት በብርቱ ማስጋለብ አጥንቱንና ጅማቱን ይጎዳል። የሰኮናው መሰንጠቅ፣ በኮርቻ የቆሰለ ጀርባ፣ የጎድን አጥንቱ መታየት ፈረሱ ለዕለቱ ዝግጁ እንዳልሆነ ያመለክታሉ። ከሁሉ የሚልቀው ምልክት ከሙከራ ግልቢያ በኋላ ትንፋሹና የልብ ምቱ የሚረጋጋበት ፍጥነት ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። በዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት ውድድሮች ፈረሱ እንዲቀጥል የሚፈቀድለት ምቱ በተወሰነ ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ሲወርድ እንደሆነ ሲሠራበት ቆይቷል። ይህ መለኪያ ሰዓትና የሰለጠነ እጅ ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑ በገጠር ሜዳም ሊሠራበት ይችላል።

እነዚህ ነጥቦች ሲጠቃለሉ፣ ውድድሩ አጭርና ሜዳው ለጥ ያለ ከሆነ የሰላሌው ፈረስ የመቅደም ዕድሉ ሰፊ ነው። መንገዱ ረዝሞ ዳገትና ቁልቁለት ሲበዛበት ግን ግምቱ ወደ አገሬው ፈረስ ያዘነብላል። በጉግስ ደግሞ ከፍጥነት ይልቅ ለልጓም መታዘዝና በቅጽበት መታጠፍ ስለሚፈለግ ፈረስና ፈረሰኛው አብረው የቆዩበት ጊዜ ወሳኝ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ሁለቱንም ፈረሶች ከውድድር ውጭ ሊያደርግ የሚችል ምክንያት አለ። ጥምቀት የሚውለው አዝመራ ተሰብስቦ ውቂያና ጭነት በሚበዛበት ወቅት ማግስት ነው። በዚህ ጊዜ ሲሠራ የከረመና በቂ ግጦሽ ያላገኘ ፈረስ ዝርያው ምንም ቢሆን አይቀድምም። ተገዶ ቢጋለብም ሊወድቅ ይችላል። ባለ አንድ ፈረስ ገበሬ በአንድ ቀን ክብር ምክንያት የዓመት ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

የጓሳ ሣር ፋይዳ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገርለት የቀሮ ሥርዓት ጓሳን ለተወሰነ ጊዜ ከግጦሽና ከሣር አጨዳ ዘግቶ በድርቅ ወራት በጋራ ይጠቀምበት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ የቆመበትን የርስት መሠረት በመለወጡ ቀሮ ተዳክሟል። ከዚያ ወዲህ ኅብረተሰቡ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አጠናክሯል። የጥበቃው ዜና ሲነሣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ቀድመው ይጠቀሳሉ፤ በበጋ የሚተርፈው ሣር ለከብቱና ለፈረሱም ስንቅ መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም።

በዚህ ረገድ የአዊ ተሞክሮ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ፈረሶች በዓድዋ ጦርነት ለነበራቸው ድርሻ መታሰቢያ እንዲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ በዓሉን ያከብራል። በዕለቱ ጉግስ፣ ሽርጥና ስግሪያ ይካሄዳሉ። ውድድሩ የታወቀ ቀንና የቆመ ማኅበር ስላለው ባለፈረሱ ዓመቱን ሙሉ ፈረሱን የሚንከባከብበት ምክንያት አግኝቷል።

በመንዝም ለውድድር የሚቀርቡ ፈረሶች ዕድሜና ውጤት ቢመዘገብ፣ ከግልቢያው በፊትና በኋላ በእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢመረመሩ፣ ርቀቱም አስቀድሞ ቢታወቅ ግምቱ ከወሬ ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል። «ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው» የሚለው ብሂል በጓሳ ደጋ እውነትነቱ የሚጸናው ሜዳው ሣሩን፣ ፈረሱም ጤንነቱን እንደያዙ ሲቆዩ ነው።