በ71 ቁጥር ትራም

እናቴ ቪየና በመጣች በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍታ ልብሷን ስታጣጥፍ አገኘኋት።

«ሰው የሌለበት አገር አመጣሽኝ» አለችኝ።

ሁለት ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው ብዬ ልከራከራት አልኩና ተውኩት። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ጎረቤቶቻችን ደረጃ ላይ ሲያገኙን በትሕትና ሰላም ይሉንና በራቸውን ዘግተው ይገባሉ። ቡና ተፈልቶ የሚጠራ ሰው የለም። እኔና ባለቤቴ ሥራ እንውላለን። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሚያልፈውን ትራም ስትቆጥር ትውላለች።

እሑድ ደግሞ ይብሳል። እዚህ አገር እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ወተት መግዛት የረሳ ሰው ትልልቆቹ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ወዳሉት ጥቂት ሱቆች ሄዶ ረጅም ሰልፍ መያዝ አለበት። አዲስ አበባ እሑድ ለሠርጉም፣ ለለቅሶውም፣ ለዘመድ ጥየቃውም አልበቃ ትለን ነበር። እኛም የመጀመሪያውን ዓመት እሑድን እንደ ቅጣት ቆጥረን ቤት ተዘግተን አሳለፍናት። ኋላ ነው የገባን፤ የከተማው ሰው እሑድ የሚጠፋው ቤቱ ተኝቶ ሳይሆን ወንዝ ዳር ወጥቶ ነው።

ስለዚህ ያን እሑድ ሻንጣውን እንዳለ ትተን ወደ ዳኑብ ደሴት ወሰድናት። ደሴቱ ሰው ሠራሽ ነው። ከተማውን ከጎርፍ ለማዳን ሁለተኛ የውኃ መውረጃ ሲቆፈር የወጣው አፈር ተከምሮ ነው የተሠራው፤ ሥራው እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1988 ፈጅቷል። ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ነው። በምድር ባቡር ሄደው መሐሉ ላይ ይወርዳሉ፤ መግቢያ አይከፈልም። እናቴን ግን ውኃውም ሣሩም አልማረካትም። የማረካት የሥጋ ጥብስ ሽታ ነው። ሥጋ መጥበስ በሚፈቀድባቸው ቦታዎች የቱርክና የሰርብ ቤተሰቦች ከነአያቶቻቸው ተሰብስበው ይውላሉ። ሻሽ ያሰሩ አንዲት የቱርክ እናት እናቴን ዐይተው በትንሽዬ ብርጭቆ ሻይ አቀበሏት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ስመለስ ሁለቱም ጉልበታቸውን እያሹ ስለ ቁርጥማት ያወራሉ።

ማታ ሻንጣው ወደ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ተመለሰ።

ቡና ቤቱ ያን ያህል አልቀናንም። ቪየና በቡና ቤቶቿ ትኮራለች። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1685 ዮሐንስ ዲዮዳቶ በተባለ አርመናዊ ነጋዴ እንደተከፈተ ይነገራል። አንድ ስኒ አዘው ግማሽ ቀን ቢቀመጡ ማንም ተነሡ አይልዎትም። እናቴ ዋጋውን በብር መንዝራ ደነገጠች። ቀጥላ «ቶናው መቼ ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ከቡናው ጋር በመጣው አንድ ብርጭቆ ውኃ ግን ተደነቀች። የቪየና የቧንቧ ውኃ ከአልፕስ ተራሮች የሚመጣ የምንጭ ውኃ ነው፤ ከ1873 ጀምሮ ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለቱ ብቻ ከተማው ይደርሳል። ይህን ስነግራት ብርጭቆውን አማትባ ጠጣችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ ሳትይዝ ከቤት ወጥታ አታውቅም።

ሽዋርዘንበርግ አደባባይ የወሰድኳትም ለዚሁ ውኃ ነበር። ውኃው ከተማ የገባ ጊዜ ማስታወሻ የተሠራ ትልቅ ፏፏቴ አለ። እሱን ዐይተን ስንጨርስ 71 ቁጥር ትራም መጣና ተሳፈርን። የቪየና ሰዎች አንድ ሰው ሲሞት «71ን ተሳፈረ» ይላሉ፤ ትራሙ የሚሄደው ወደ ማዕከላዊው መካነ መቃብር ስለሆነ ነው። ሰዉ እዚያ የሚሄደው ለቀብር ብቻ አይደለም። በእግሩ ሊንሸራሸር፣ እነቤትሆቨንና ሹበርት የተቀበሩበትን ሊያይም ይሄዳል። ቦታው ከመስፋቱ የተነሣ ግቢው ውስጥ የሚዞር አውቶቡስ አለው። የተቀበረው ሰው ወደ ሦስት ሚሊዮን ይጠጋል፤ በሕይወት ካለው የከተማው ነዋሪ ይበልጣል።

«ለሽርሽር መቃብር?» አለች። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ሳትናገር ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ቤትሆቨንን ዐይታ «ነፍስ ይማር» አለችና አለፈች። ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ዛፉ እየበዛ፣ ሰው እየጠፋ ሄደ። ሚዳቋ የምትመስል አጋዘን በመቃብሮቹ መሐል ስትግጥ ዐየን። ልጄ ሻማ እየሰረቁ ስለሚበሉት ሃምስተር የሚባሉ አይጥ መሳይ እንስሳት ለአያቷ በግማሽ ጀርመንኛ አስረዳቻት። እናቴ ስሙ የደበዘዘና ሐረግ የወረሰው አንድ መቃብር አጠገብ ቆመች። የመቃብሩ ቦታ በክፍያ እንደሚያዝ፣ ዘመድ ካላደሰው ለሌላ ሊሰጥ እንደሚችል ነገርኳት። አጎንብሳ ቅጠሉን በእጇ መጥረግ ጀመረች።

«አባትሽን እስክትደርሺ እናቆየው ብዬ ነበር» አለች፣ ቀና ሳትል። «የዕድሩ ሰዎች አይሆንም አሉኝ።»

አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ስለ ቀብሩ ቀን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እኔ የደረስኩት ለሠልስቱ ነው። ስልክ በደወልን ቁጥር ስለ ልጄ ጥርስ፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ እናወራለን፤ እዚያ ጋ ስንደርስ ግን አንዳችን ወሬ እንቀይራለን።

«መዘግየትሽን አልተቀየምኩም። አውሮፕላኑ በእጅሽ አይደለም። በሳምንቱ መመለስሽን ነው የተቀየምኩት። ሰው ሁሉ ሲወጣ አንቺም ወጣሽ።»

እውነቷን ነው። የአዲስ ምርት ማስተዋወቂያ ነበረብኝ፤ ቀኑ ተቆርጧል፣ አዳራሹ ተከፍሎበታል። አለቃዬን ብጠይቀው ምናልባት ይፈቅድልኝ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ያ ምርት አሁን ከመደርደሪያ ወርዷል። ይህን ለእናቴ ነገርኳት። ምርቱ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ። «የጸጉር ቅባት» አልኳት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብላ ዐየችኝና ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። በትንሽ መኪና ውኃ ይዘው የሚያልፉ አትክልተኛ ኮፍያቸውን አነሡልን። ሟቹ የኛ መስሏቸው መሆን አለበት።

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ማን እንደተሸከመው፣ ማን እንደቀረ፣ ዝናቡ ስንት ሰዓት ላይ እንዳባራ። ልጄ እስክትሰለች ተቀመጥን፤ ልጄ ደግሞ ቶሎ አልሰለቸችም።

እናቴ ለእንቁጣጣሽ እንድትደርስ በነሐሴ መጨረሻ ተመለሰች። በሻንጣዋ ሁለት ጠርሙስ የቧንቧ ውኃ ይዛለች፤ ሲመዘን ትርፍ ኪሎ ቢያስከፍላትም እንቢ ብላ አላወጣችውም።

ኅዳር አንድ በፈረንጆቹ የሙታን መታሰቢያ ነው፤ ያን ቀን 71 ቁጥር ትራም አበባ በያዘ ሰው ጢም ይላል። እኔና ልጄም ሻማ ገዝተን ሄድን። ስሙ የደበዘዘውን መቃብር ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈለግን። ሻማውን ለኩሰን ስልክ ደወልኩላት።

«በራ?» አለች።

«በርቷል እማዬ።»

«አይጦቹ እንዳይበሉት ከፍ አድርጊው።»