ሰኞ ሰኞ የሚነሳ የሆድ ቁርጠት

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር

የ11 ዓመት ልጄን ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሆዷን ይቆርጣታል። ቅዳሜና እሑድ ደህና ናት። ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰገራ ሰጠች። ሁለቴ «ጃርዲያ ነው» ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላት፤ በሦስተኛው «ምንም የለባትም» ተባልኩ። ሰኞ ሲመጣ ቁርጠቱም መጣ።

አራተኛ ጊዜ ስንሄድ አንዲት ነርስ ሙቀቷን እየለካች፣ እኔን ትታ ልጅቷን «የኔ ቆንጆ፣ ትምህርት ቤት የሚያስፈራሽ ነገር አለ?» አለቻት። ልጄ ጫማዋን እያየች ማልቀስ ጀመረች። ክፍል ውስጥ ተነስታ እንድታነብ ስትጠራ ትንፋሽ እንደሚያጥራት የሰማሁት ያን ቀን ነው። እናቷ ነኝ፤ አላውቅም ነበር።

ነርሷ ይህን የጠየቀችው ከራሷ ነው፤ የያዘችው ቅጽ አያዛትም። ከ2 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን የሚጠየቀው ሁሉ በመዝገብ ተዘርዝሯል፦ ሳል፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ የክንድ ልኬት። አምስት ዓመት ሲሞላው ከዚያ መዝገብ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ታምሞ ቢመጣ እንኳ የሚመረመረው ሆዱ ነው።

በአሜሪካ ስለ ቅድመ መከላከል ሕክምና ምክር የሚሰጠው ግብረ ኃይል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች፣ ምልክት ባይታይባቸውም፣ ስለ ጭንቀት እንዲጠየቁ መክሯል። ከዚያ በታች ላሉት ማስረጃው አልበቃኝም ብሏል። እኛ ያን ሁሉ ልጅ እንጠይቅ አልልም። ወረፋው በር ድረስ በሚደርስበት ክፍል ስለ ጭንቀት የሚጠይቅ የ41 ጥያቄ ቅጽ ማን ይሞላል? ለይቶ ያለ ሕክምና መመለስም ወላጅን ማስጨነቅ ብቻ ነው። የአእምሮ ሆስፒታሉን ስም ጠርቶ «አማኑኤል ይሂድ» ማለት በሰፈራችን ስድብ በመሆኑ ደግሞ፣ ሪፈር መጻፍ የመጀመሪያው እርምጃ ባይሆን ይሻላል።

የምለምነው ትንሽ ነው። ሆዴን ወይም ራሴን እያለ ለሚመላለስ፣ 8 ዓመት ለሞላው ልጅ፣ ሁለተኛ የሰገራ ምርመራ ከመታዘዙ በፊት ስለ ፍርሃቱ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ ትምህርት ቤቱ የሚጠይቁ ጥቂት መስመሮች ካርዱ ላይ ይግቡ። ልጁ ለብቻው ይጠየቅ፤ እኛ ውጭ እንጠብቃለን። በየጤና ጣቢያው ቢያንስ አንድ ነርስ፣ ልጅ የሚፈራውን ነገር ጥቂት በጥቂቱ እንዲለማመደው መርዳትን ይሠልጥን።

ያቺ ነርስ ባለፈው ወር ተዛውራለች። ጥያቄዋን ግን አቆዩልን።

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ