ይቅርታ እውነትን ቀድሞ አይመጣም

«ሆድ ይፍጀው» የሚባል አነጋገር አለ። ሰው የሚያቃጥለውን ነገር ውጦ ዝም ሲል የሚናገረው ነው። በሱዳን በኩል ኢየሩሳሌም የደረሱ የቤተ እስራኤል አባቶችና እናቶች ይህን ቃል ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ብዙ ነገር ሆዳቸው ይዞ ኖሯል። አሁን ግን ያ የቆየ ዝምታ በባልና በሚስት መሀል ብቅ እያለ ሽማግሌ ያስጠራል። ሽማግሌ ሲጠራ ደግሞ የመጀመሪያ ቃሉ ብዙ ጊዜ «ይቅር ተባባሉ» የሚል ነው። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፦ የሆነው ነገር ሳይነገር፣ ይቅር የሚባለው ምኑ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው እንበል። አንድ ሰው ወደ ሱዳን ከመውጣቱ በፊት በመንደሩ ከአንዲት ሴት ልጅ ወልዷል። በሌሊት ሲወጣ ሴትየዋ ቀረች፣ ልጁም አብሯት ቀረ። ሰውየው እዚህ አገር ገብቶ ሲመዘገብ «አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም» አለ። ከዚያ አገባ፣ አምስት ልጆች ወለደ፣ ልጆቹ ጦር ሠራዊት ገብተው ወጡ፣ ተዳሩ፣ የልጅ ልጅ አየ። አንድ ቀን ከጎንደር ስልክ ተደወለ። የደወለው ሰው አርባ ዓመት አልፎታል፤ «አባቴን ፈልጌ ነው» ይላል። ስልኩን ያነሳችው ሚስትየዋ ናት።

ሽማግሌዎች ተጠሩ፣ ቡና ተፈላ። «ልጄ፣ ይሄ ካንቺ በፊት የሆነ ነገር ነው። ያለፈ አልፏል። በስተርጅና ትዳር አይበተንም፤ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አሏት። የሽማግሌ ቃል መመለስ ነውር ነውና «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። በሳምንቱ መኝታዋን ለየች። በዓመቱ የፍቺ ማመልከቻ ራባኑት ገባ። ሽማግሌዎቹም «እንዴ! ታርቀው አልነበር?» ብለው ተገረሙ።

አልታረቁም ነበር። ሴትየዋን «ምኑ ነው የጎዳሽ?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ቢጠይቋት ምናልባት እንዲህ ትል ነበር፦ «ከኔ በፊት መውለዱን እችለው ነበር። የጎዳኝ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስተኛና ስነሳ ባሌን አለማወቄ ነው። ልጆቼ ወንድም እንዳላቸው በስልክ መስማታቸው ነው።» ሽማግሌዎቹ ይቅር ያስባሏት ስለ ልጁ ነው፤ ቁስሏ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በሰውየው ላይ ለመፍረድም መቸኮል አይገባም። ዝምታው ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ወደ ሱዳን የወጣ ሰው ለጎረቤት ሳይናገር፣ አንዳንዴም ለዘመድ ሳይናገር ነው የወጣው። በገዳሪፍና በኡም ራኩባ መጠለያዎች አይሁድ መሆን ይደበቅ ነበር። አፉን ያልጠበቀ ሰው ሌላውን ያስይዝ ነበር። በመንገዱና በመጠለያዎቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሞ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1984 የጀመረው ዘመቻ ሙሴ ወሬው ስለወጣ በጃንዋሪ 1985 በድንገት ተቋረጠ። ግማሹ ቤተሰብ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ቀረ። ብዙዎች እስከ ዘመቻ ሰሎሞን፣ እስከ ሜይ 1991 ድረስ፣ ከስድስት ዓመት በላይ ተለያይተው ኖሩ። በዚያ መሀል ሚስቱ የሞተች የመሰለው አለ፤ ባሏ ይመጣል ብላ ጠብቃ ተስፋ የቆረጠችም አለች። ለዚህ ትውልድ ዝም ማለት ነፍስ ማዳኛ ነበር። ችግሩ፣ መንገዱ ሲያልቅ ዝምታው አብሮ አለማለቁ ነው። ሱዳን ላይ ነፍስ ያዳነው ልማድ እዚህ ሲመጣ ትዳር ውስጥ ገባ።

ስለዚህ ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት፦ ተደብቆ የኖረው ነገር ሰውየው የሠራው ነው ወይስ በእሱ ላይ የተሠራበት?

በዚያ መንገድ ላይ ሽፍታ የጎዳቸው፣ በመጠለያዎቹ ውስጥ የተደፈሩ ሴቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ያኔ ገና ልጆች ነበሩ። እንዲህ ያለች ሴት የደረሰባትን ለባሏ ሳትነግረው ብትኖር በደለኛ አይደለችም። ባል ከብዙ ዓመት በኋላ ከሌላ ሰው ሰምቶ «ለምን ደበቅሽኝ?» ብሎ ሽማግሌ ሲጠራ፣ ሽማግሌውም ለማስታረቅ ብሎ «በቃ፣ ይቅር በላት» ሲል ሳያውቀው ፈርዶባታል። ይቅር በላት ማለት አጥፍታለች ማለት ነውና። ለእሷ የሚገባው ቃል ሌላ ነው፦ «አይዞሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» ይህን ከተከበረ ሽማግሌ አፍ መስማት ለእንዲህ ያለች እናት ትልቅ ነገር ነው። መናገር ካልፈለገችም ማንም «ተናገሪ» ሊላት አይገባም። ምስጢሩ የሷ ነው።

ሌላው ዓይነት ምስጢር ግን የሌላ ሰው ድርሻ ያለበት ነው፦ የተካደ ልጅ፣ ያልፈረሰ ትዳር፣ ቤት የሚያስይዝ ዕዳ፣ ለትዳር ጓደኛ የሚተላለፍ በሽታ። እዚህ ላይ «ሆድ ይፍጀው» አይሠራም። የሚፈጀው የተናጋሪውን ሆድ ብቻ አይደለምና።

ቤተ እስራኤል ዘር ቆጣሪ ሕዝብ ነው። ሽማግሌ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥሮ ነው «ይጋባሉ» ወይም «አይጋቡም» የሚለው። ታዲያ አንድ ልጅ ከቆጠራው ከተሰወረ ቆጠራው በሙሉ ተበላሸ ማለት ነው። ያ በጎንደር የቀረው ልጅ ነገ ልጆቹን ይዞ እዚህ አገር ይገባል። አሽዶድ ያደገ የልጅ ልጅና ከጎንደር የመጣች የልጅ ልጅ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሥራ ቦታ ይገናኛሉ፣ ይዋደዳሉ። ሽማግሌ ተቀምጦ ይቆጥራል፣ ዝምድና አያገኝም፣ ይመርቃል። የአያትየው ዝምታ ያን ጊዜ የሁለት ሰው ምስጢር መሆኑ ቀርቶ የዘር ጉዳይ ይሆናል።

አንዳንድ ሽማግሌዎች «የድሮ ቁስል አይነካካም፤ ቤት ይፈርሳል» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፣ ተናግሮ ቤቱን ያፈረሰ ሰው አለ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉትም እነሱው ናቸው። ዛሬ ደግሞ መደበቂያው ጠቧል። የቀረው ዘመድ ይመጣል፣ ስልክና ፌስቡክ በየኪሱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ምስጢሩ መውጣቱ ላይቀር ነገር፣ ከባለቤቱ አፍ ቢወጣ ይሻላል።

ኦሪትም የምታስተምረው ይህንኑ ነው። ዮሴፍን ወንድሞቹ ሸጡት። ግብፅ ላይ ሲያገኛቸው ወዲያው «ይቅር ብያለሁ» አላላቸውም። ጊዜ ወስዶ ልባቸው መለወጡን አየ። ይሁዳ በብንያም ፈንታ «እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ሲቀርብ ነው ዮሴፍ ራሱን መግታት ያቃተው። ራሱን ከመግለጡም በፊት ሰውን ሁሉ ከፊቱ አስወጣ፤ የወንድሞቹን ነውር ግብፃውያን እንዲሰሙት አልፈለገም። ከ17 ዓመት በኋላ አባታቸው ያዕቆብ ሲሞት ወንድሞቹ «አሁን ይበቀለናል» ብለው እንደገና ፈሩ፣ ዮሴፍም አልቅሶ እንደገና አጽናናቸው። እንግዲህ ዮሴፍን የመሰለ ሰው ይቅርታውን ሁለተኛ መናገር ካስፈለገው፣ አንዲት እናት በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሳ ይቅር እንድትል መጠበቅ ተገቢ ነው?

የይሁዳና የትዕማር ታሪክም አለ። ትዕማር እንድትቃጠል በተፈረደባት ጊዜ የይሁዳን ስም በአደባባይ አልጠራችም፤ የሰጣትን ቀለበትና በትር ላከችለት። እሱ ደግሞ መካድ ሲችል አልካደም፣ ከእኔ ይልቅ እሷ ጻድቅ ናት ብሎ በሰው ፊት አመነ። እሷ ክብሩን ጠበቀችለት፣ እሱም እውነቱን ተናገረ። ንጉሥ ዳዊት የተወለደው ከዚያ ዘር ነው።

ታዲያ ሽማግሌ ምን ያድርግ? መጀመሪያ ባልንም ሚስትንም ለየብቻ ይስማ። ሰው በሽማግሌ ጉባኤ ፊት የማይናገረውን ለብቻው ይናገራል። በሴቶች ጉዳይ ደግሞ አንዲት የተከበረች እናት አብራ ብትቀመጥ መልካም ነው፤ ለወንድ ሽማግሌ የማይነገር ነገር አለና። ቀጥሎ፣ የደበቀው ሰው እውነቱን በአንድ ጊዜ፣ ሙሉውን ይናገር። ዛሬ ግማሹ፣ ከወር በኋላ ግማሹ ከወጣ ትዳሩ ሁለት ጊዜ ይቆስላል።

ሦስተኛ፣ «ይቅር ካላላችሁ ከዚህ አንነሳም፣ ቡናም አንጠጣም» የሚለው ልማድ ለመሬት ጠብና ለከብት ጠብ ይሠራ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለው ግን አይሆንም። የተጎዳ ሰው «ጊዜ ስጡኝ» ሲል የሽማግሌን ቃል መናቅ ተደርጎ አይቆጠርበት። አራተኛ፣ ይቅርታው ካሳ ይኑረው፦ ልጁ በስሙ ይታወቅ፣ ለእሱ የሚላክ ገንዘብ ካለ ሚስትየዋ ትወቀው፣ ልጆቹ ወንድማቸውን ያግኙት። በመጨረሻም እዚያ የተነገረ እዚያ ይቅር። በለቅሶ ቤትና በሠርግ ቤት የሚወራ ገበና ሁለተኛ ሽማግሌ አያስጠራም፤ ሰው ከዚያ ወዲያ ማንንም አያምንምና።

ድብደባ ወይም የመግደል ዛቻ ያለበት ቤት ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። እዚያ ሽምግልና ብቻውን አይበቃም። አስቸኳይ ከሆነ ፖሊስ 100፣ እርዳታና ምክር ለመጠየቅ የማኅበራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር 118 ላይ ይደወላል። «ታገሺ» ብሎ መልሶ መላክ ነፍስ ያስጠፋል።

የአገሩ ሕግም ቢሆን ከሽምግልና የራቀ አይደለም። በ2014 ወጥቶ ከጁላይ 2016 ጀምሮ የሚሠራው የቤተሰብ ክርክር ሕግ፣ ባልና ሚስት ከመካሰሳቸው በፊት አስቀድመው የስምምነት ጥያቄ እንዲያስገቡና እስከ አራት በሚደርሱ የነፃ ስብሰባዎች ከባለሙያ ጋር እንዲነጋገሩ ያዛል። እዚያ የሚነገረውም በምስጢር ይጠበቃል። ይህ በአሮጌው ሽምግልና ላይ የመጣ ጠላት ተደርጎ መታየት የለበትም። ባለሙያው ሕጉን ያውቃል፣ ሽማግሌው ሰዎቹን ያውቃል። አማርኛ የሚናገር አባት ባልና ሚስቱን አበርትቶ እዚያ ድረስ ቢልካቸው ሥልጣኑ አይቀንስም።

ሃይማኖትም እዚህ ላይ ሥራ አለው። ብዙ ጊዜ «እግዚአብሔርን የምትፈሪ ከሆነ ይቅር በይ» እየተባለ የእምነት ሸክም በተበዳይ ላይ ብቻ ይጫናል። እምነት ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው በዳዩን ነው። በአስተስርዮ ቀን፣ በዮም ኪፑር፣ ሰው በእግዚአብሔር ላይ የሠራው ኃጢአት ይሰረይለታል፤ በባልንጀራው ላይ የሠራውን ግን ሄዶ እስኪያስታርቀው ድረስ ቀኑ ራሱ አያስተሰርይለትም ብለው ሊቃውንት አስተምረዋል። ጾሞ መዋል ያንን አይተካም።

ከዚያ 50 ቀን ተቆጥሮ ስግድ ይመጣል። ክኔሴት በ2008 የመላው አገር በዓል እንዲሆን የወሰነለት ይህ ቀን ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ሕዝቡ ጾሞ ይወጣል፣ ቄሶች ያነባሉ፣ የራስና የአባቶች ጥፋት በግልጽ ይነገራል፣ ይሰገዳል። እህል የሚቀመሰው ከቀትር በኋላ፣ ይህ ሁሉ ካለቀ ወዲህ ነው። ድግሱን ከኑዛዜው ያስቀደመ አባት በጎንደር ተራሮች ላይ አልነበረም፤ ዛሬም በኢየሩሳሌም የለም። በባልና በሚስት መሀል የሚቀመጡ ሽማግሌዎችም ይህንኑ ቅደም ተከተል ቢጠብቁ፣ የሚመርቁት ዕርቅ የሚጸና ይሆናል።